የሣር ማጨጃው ሞተር ሲያስቸግር፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው፣ ከቤቱ ጋር ሣር ማጨድንም አብሮ ይገዛል። በብዙ ግዛቶች ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ሣሩ ፋታ አይሰጥም። ቁመቱ ካለፈም ከከተማው አስተዳደር ወይም ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ማስጠንቀቂያ ሊመጣ፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ግቢው ከግማሽ ኤከር ሲበልጥ በእጅ እየገፉ ማጨድ አይዘለቅም፤ ስለዚህ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ይገዛል።

ያ ማሽን ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አልነሳም ሲል ወይም ነጭ ጭስ ሲለቅ ባለቤቱ ግራ ይጋባል። ሞተሩን ያሠራው? ሌላ ሞተር ይግጠምለት? ወይስ ጥሎት አዲስ ይግዛ? አብዛኛው ሰው መልሱን ሞተሩ ላይ ብቻ ይፈልጋል። ሞተር ግን በጥቂት ብሎኖች የታሰረ፣ ወጥቶ ሌላ የሚተካበት ዕቃ ነው። ገንዘብ ማውጣቱ ያዋጣ እንደሆነ የሚወስነው ሞተሩን የተሸከመው ማሽን የቀረው ዕድሜ ነው። እዚያ ፍርድ ላይ ከመድረስ በፊት ግን ጥፋቱ ምን እንደሆነ በትክክል መታወቅ አለበት።

ጥፋቱ በእርግጥ የሞተሩ ነው?

ከሁሉ አስቀድመው የዋስትና ወረቀቱን ይዩ። የሞተሩ ዋስትና ከማሽኑ ዋስትና ተለይቶ በሞተር አምራቹ በኩል የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ የአንዱ ቢያልቅም የሌላው ላያልቅ ይችላል።

ቁልፉ ሲዞር ዝም ካለ ወይም “ጠቅ” ብሎ ከቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። የ12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለ አጽድተው እንደገና ይሞክሩ። ከመቀመጫው ሥር፣ ከፍሬኑ ፔዳል እና ከቢላው ማስነሻ ጋር የተያያዙ የደህንነት ማብሪያዎችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ከተበላሸ ወይም ሽቦው ከላላ፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ማሽኑ አይነሳም።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ካንዴላው እሳት መስጠቱን፣ ቤንዚን መድረሱን ይፈትሹ። በአሜሪካ ማደያዎች የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል እርጥበት ይስባል፤ በብርዱ ወራት ታንክ ውስጥ የከረመ ቤንዚን ደግሞ እየተጣበቀ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ይህ ካርቡሬተሩን በማጠብ ወይም በመቀየር የሚያልቅ ሥራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግማሽ ዙር ያህል አዙሮ ቀጥ ሲል ነው። ባትሪ ይቀየራል፣ ለውጥ የለም፤ ሞተሪኖ ይቀየራል፣ አሁንም ያው ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ክፍተት መስፋት ነው። እነዚህ ሞተሮች ሲነሱ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ለቅጽበት የሚያስተነፍስ ትንሽ አካል ካም ሻፍታቸው ላይ አለ፤ ሥራውን የሚሠራው ቫልቩን በጥቂቱ ከፍቶ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቫልቩ በሚገባው መጠን አይከፈትም፤ ሞተሪኖውም የታመቀውን አየር ገፍቶ ማለፍ ያቅተዋል። የሚፈለገው ክፍተት ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይርቅም፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ። ማስተካከያው አንድ ፊለር ጌጅ እና ሁለት መፍቻ ይፈልጋል፤ መለዋወጫ አያስገዛም።

ሞተሩ ውስጥ ከሆነስ?

የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በጨርቅ ይጥረጉ፤ መልሰው አስገብተው ያውጡትና ያሽትቱት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቆመው መርፌ አልዘጋ ብሎ ነዳጁ ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነው። በዚህ ሁኔታ ሞተሩን ለሙከራ እንኳ አያስነሱት፤ በቤንዚን የቀጠነ ዘይት ቢዬላውንና ክራንክ ሻፍቱን አይጠብቅም። መርፌው ተቀይሮ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ታድሶ ሞተሩ ሊተርፍ ይችላል። በዘንጉ ጫፍ ላይ በፀሐይ ሲታዩ የሚያብረቀርቁ የብረት ብናኞች ካሉ ግን ውስጡ እየተበላ ነው።

ነጭ ጭስ ሲታይ “የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ሞተሩ አበቃለት” የሚባለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። በባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ በተደጋጋሚ የሚታይ ብልሽት አለ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን በሲሊንደሩና ቫልቮቹን የሚገፉት ፑሽ ሮዶች በሚያልፉበት ቀዳዳ መካከል ባለው ቀጭን ቦታ ላይ ይበሳል። የሲሊንደሩ ግፊት በዚያ አልፎ ዘይቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ዘይቱን በመተንፈሻው ቱቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይገፋዋል፤ ሞተሩም ዘይቱን እያቃጠለ ያጨሳል። ምልክቱ ካለቀ ፋሻ ጋር አንድ ነው፤ ዋጋው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጓርኒሲዮኑ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል፤ መለዋወጫ መደብር ሲሄዱ “ሄድ ጋስኬት” ብለው ይጠይቁ። የቴስታታው ብሎኖች በመመሪያው ልክ በቶርክ መፍቻ እስከተጠበቁ ድረስ ሥራው የግማሽ ቀን ነው።

ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ጉልበት አጥቶ እየተንቀጠቀጠ ከሠራ አንዱ ሲሊንደር ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ካንዴላውን ቀይረው ለውጥ ካጡ የቫልቭ ክዳኑን ከፍተው ፑሽ ሮዱ አለመጣመሙን ይዩ። ፑሽ ሮዱ ራሱ ርካሽ ነው፤ ያጣመመው ምክንያት፣ ለምሳሌ የተጣበቀ ቫልቭ፣ ካልተፈታ ግን አዲሱም ይጣመማል።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ምርመራ ሊክ ዳውን ቴስት የሚባለው ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ላይ እንዲቆም ተደርጎ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ይገባል፤ ከዚያ አየሩ በየት እንደሚያመልጥ ጆሮ ጥሎ ማዳመጥ ነው። በማርሚታው በኩል ከተነፈሰ የጭስ ማውጫው ቫልቭ አይዘጋም። በካርቡሬተሩ ከሆነ የማስገቢያው ቫልቭ ነው። በዘይት መለኪያው ቱቦ ከሆነ ወይ ፋሻው ወይ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ቴስታታው ሲነሳ ይለያል። ተራው የኮምፕሬሽን መለኪያ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ያሳስታል፤ ካም ሻፍቱ ላይ ያለው አየር የሚያስተነፍሰው አካል ንባቡን ዝቅ ስለሚያደርገው ጤነኛው ሞተር የደከመ ይመስላል። “ኮምፕሬሽን የለውም” ብሎ ሞተር የሚያስገዛዎት ሠራተኛ በምን እንደለካው ይጠይቁት።

የማያከራክር ጉዳትም አለ። ቢዬላው ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ከበሳው ያ ሞተር አልቋል። ያለ ዘይት ሠርቶ የነከሰም እንዲሁ፤ ቢፈታም ውስጡ ተፋፍቋል። ለዓመታት ደጅ ቆሞ በዝገት የተጣበቀ ሞተር ግን ሌላ ነው። በካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምረው ለጥቂት ቀናት ከተዉት በእጅ ሊዞር የሚችልበት ዕድል አለ።

የሞተሩን የላይ ሽፋን ሲያነሱ የማቀዝቀዣ ክንፎቹን አይለፏቸው። እነዚህ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በአየር ነው። በክንፎቹ መካከል የደረቀ ሣር ተጠቅጥቆ፣ አንዳንዴም አይጥ ጎጆዋን ሠርታበት ይገኛል። የተበሳው ጓርኒሲዮንና የተጣበቀው ቫልቭ ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ በዚህ የሚመጣ ግለት ነው። ያ ሳይጸዳ የተጠገነ ሞተር ተመልሶ ይበላሻል።

ከሞተሩ ውጭ ያለው ማሽን

ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ኪስዎ ውስጥ እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ሌላውን አካል ይመርምሩ። ቢላዎቹን ከላይ የሚሸፍነውን ዴክ ከሥሩ ገልብጠው ወይም አውርደው ይዩት። እርጥብ ሣር እየተለጠፈበት ከሥሩ ይዝጋል። በመዶሻ እጀታ ሲመቱት የሚበሳ ወይም ቢላው የታሰረበት ቦታ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲስ ሞተር አይገባውም። ቢላዎቹን በእጅ ሲያዞሩ የሚንኳኩ ከሆነ ኩሽኔታቸው አልቋል፤ ይህ ግን ቀላል ሥራ ነው።

ዋናው ግን ማርሹ ነው። ብዙዎቹ የቤት ማጨጃዎች በዘይት ግፊት የሚሠራ ሃይድሮስታቲክ ማርሽ አላቸው። መለስተኛ ዋጋ ባላቸው ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ቀላል ዓይነት ተዳፋት መሬት ላይ ይደክማል። ሞተሩ ከመቆሙ በፊት የነበረውን ያስታውሱ። ማሽኑ ሲነሳ ጥሩ ሄዶ፣ ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ሲሞቅ ዳገት አልወጣ ይል ከነበረና ቺንጋው ደህና ከሆነ፣ ማርሹ እያለቀ ነው። የማርሹ መተኪያ ዋጋ ደግሞ አንዳንዴ ከሞተሩ አይተናነስም። ሁለቱንም መግዛት ማለት አዲስ ማሽን የሚገዛበትን ገንዘብ በአሮጌ ጎማና መሪ ላይ ማፍሰስ ነው።

ሒሳቡ

ጥገናው ከአዲሱ ማሽን ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተወው የሚል የተለመደ መመሪያ አለ። ለመነሻ አይከፋም፤ ሆኖም የቀረውን ዕድሜ አይቆጥርም። የተሻለው ወጪውን ማሽኑ ገና ሊሠራ በሚችልባቸው ዓመታት ማካፈል ነው።

ለምሳሌ አዲሱ 2,500 ዶላር የሆነ መለስተኛ ማሽን ይዘዋል እንበል። ሌላ ሞተር 1,100፣ ማስገጠሚያ 400፣ ዴኩንና ባትሪውን ማስተካከል 400፤ ድምሩ 1,900 ነው። ማርሹ ደክሞ ማሽኑ ከአራት ዓመት በላይ ካልተጠበቀ፣ በዓመት 475 ዶላር ይደርሳል። አዲሱ አሥር ዓመት ቢያገለግል በዓመት 250 ነው። መልሱ ግልጽ ነው፤ አዲስ ይገዛ። አሁን ደግሞ ወፍራም ብረት ያለው፣ ማርሹ ጠንካራ፣ አዲሱ 6,000 የሚሸጥ ትራክተር ነው እንበል። 1,500 ዶላር አውጥተው ሞተር ቢገጥሙለትና ስምንት ዓመት ቢሠራ በዓመት ከ190 ዶላር በታች ነው፤ አዲሱ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ ቢያገለግል 400 ይሆናል። ሞተሩም ወጪውም ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ፍርዱን የገለበጠው የማሽኑ አካል ነው።

ጥፋቱ ጓርኒሲዮን፣ ካርቡሬተር ወይም ፑሽ ሮድ ከሆነ ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም፤ ማሽኑ መለስተኛም ቢሆን ይጠገን።

ሌላ ሞተር የሚገዙ ከሆነ

እዚህ ላይ ሣሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ መግባት ቀላል ነው። በኢንተርኔት የታየው ርካሽ ሞተር የፈረስ ጉልበቱ እኩል ስለሆነ ብቻ አይገጥምም። አብዛኞቹ ማጨጃዎች የሚፈልጉት ክራንክ ሻፍቱ ወደ ታች የቆመ ሞተር ነው። የሻፍቱ ውፍረት ብዙ ጊዜ 1 ኢንች ቢሆንም ርዝመቱ ይለያያል። ከተለያየ የቺንጋው መዘውር ከመስመሩ ይወጣል። የማሰሪያ ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ የማርሚታው አቅጣጫ፣ የሽቦው ሶኬት መመሳሰል አለባቸው። ቢላው በኤሌክትሪክ ክላች የሚነሳ ከሆነ ሞተሩ የሚያመነጨው የኃይል መሙያ አምፔርም ከቀድሞው ማነስ የለበትም።

ከዚህ ጭንቀት የሚያድነው ቁጥር ሞተሩ ላይ ተጽፏል። በብሪግስ ኤንድ ስትራተን ሞተሮች ላይ ሞዴል፣ ታይፕ እና ኮድ የሚባሉ ሦስት ቁጥሮች ይገኛሉ። የኮዱ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች የተሠራበት ቀን ናቸው፤ 120415 ቢል በ2012 በኤፕሪል 15 ቀን ማለት ነው። ሦስቱንም ፎቶ አንስተው ለሻጩ ያሳዩ።

ሁለት ርካሽ መንገዶችም አሉ። አንዱ ሾርት ብሎክ ነው፤ ብሎኩ ከፒስተኑና ከክራንክ ሻፍቱ ጋር ተገጣጥሞ ይሸጣል፤ ቴስታታውንና ካርቡሬተሩን ከራስዎ ሞተር ያዛውራሉ። ሌላው ማርሹ የሞተ፣ ሞተሩ ግን ጤነኛ የሆነ ተመሳሳይ ማሽን በጥቂት ገንዘብ መግዛት ነው። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ካላሳየዎት፣ ወይም እርስዎ ሲደርሱ አሙቆ ከጠበቀዎት ይጠንቀቁ፤ ጭሱም ሆነ የማስነሳት ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ነው።

መቼ፣ የት

ጋራዦች በፀደይ ይጨናነቃሉ። የማጨጃው ወቅት ካለቀ በኋላ ያስገቡ ሰዎች ቶሎ ይስተናገዳሉ፤ የዋጋ ድርድሩም ይቀላል። ካሊፎርኒያ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ነጥብ አለ። በግዛቱ ደንብ መሠረት ከ2024 ሞዴል ጀምሮ ለዚያ ገበያ የሚሠሩ አብዛኞቹ አነስተኛ ሞተር ያላቸው የግቢ መሣሪያዎች ጭስ አልባ መሆን አለባቸው። በእጅ ያለውን የቤንዚን ማሽን መጠቀምና መጠገን ግን አልተከለከለም። ስለዚህ እዚያ የሚነጻጸረው “አዲስ” ብዙ ጊዜ የባትሪ ማሽን ነው፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ያስሉ።

ራስዎ የሚፈቱ ከሆነ መጀመሪያ የካንዴላውን ሽቦና የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉ። በመኪና ክሪክ ብቻ በተነሳ ማሽን ሥር አይግቡ፤ የጋራዡ በር ተዘግቶም ሞተር አያስነሱ።

መጨረሻ ላይ አዲስ ለመግዛት ከወሰኑ አሮጌውን ለቆሻሻ አሳልፈው አይስጡ። ሞተሩ ሞቶ ማርሹና ዴኩ ደህና የሆነ ማሽን ሌላ ሰው እየፈለገው ነው። ምን እንደሠራና ምን እንደተበላሸ በግልጽ ጽፈው ለሽያጭ ያውጡት። የሚያገኙት ገንዘብ ብዙ ባይሆንም ከአዲሱ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥም መግባት አለበት።