እሳት የሚቀድምበት ልክ፤ ስለ አሮጌ ፒክአፕ ሞተር ታይሚንግ

በአገራችን አውራ ጎዳና ላይ እህል፣ ሲሚንቶና ሰው እያፈራረቀ ዘመኑን የፈጸመ አንድ አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ዳገት አልወጣ ሲል፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያማው ካርቡሬተሩን፣ ቀጥሎ ቤንዚኑን፣ በመጨረሻም የሞተሩን ዕድሜ ነው። ዳሩ ግን የመኪናው ደዌ ከእነዚህ ከሦስቱም የቀለለ፣ አንድ ብሎን አላልቶ ዲስትሪቢዩተሩን እጅግ በጥቂቱ በማዞር የሚፈወስ፣ የእሳቱ ጊዜ መዛነፍ ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። መካኒኮቻችን ታይሚንግ የሚሉት ይኸው ነው።

የቤንዚን ሞተር ሥራ በአራት ምዕራፍ የተከፈለ ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ቤንዚን ተደባልቆ ይገባል፤ ሲወጣ ድብልቁ ይታመቃል፤ በካንዴላው ብልጭታ ሲቀጣጠል ፒስተኑ በኃይል ቁልቁል ይገፋል፤ ዳግመኛ ሲወጣ የተቃጠለው ጢስ ይባረራል። ነገሩን ላልመረመረ ሰው ብልጭታው መምጣት ያለበት ፒስተኑ ከጫፍ በደረሰባት በዚያች ቅጽበት ይመስለዋል። ነገር ግን እሳቱ ከካንዴላው ጫፍ ተነሥቶ የታመቀውን ድብልቅ ሁሉ እስኪያዳርስ ድረስ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ያህል ጊዜ ይፈልጋል፤ ግፊቱም ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ በጀመረ ጊዜ፣ ክራንክ ሻፍቱ ከጫፉ 15 ዲግሪ ያህል ባለፈ ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደወል ምእመናን ከየመንደራቸው ተነሥተው በሰዓቱ እንዲደርሱ ቅዳሴው ሳይገባ አስቀድሞ እንደሚደወል፣ ብልጭታውም ፒስተኑ ገና ሽቅብ በመውጣት ላይ ሳለ፣ ከጫፉ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው መድረስ አለበት።

የሚቀድምበት መጠን ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ የጥበቡም ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር፣ አንዱ ዙር ከሰከንድ አንድ ሺህኛ 80 እጅ ይፈጃል፤ ስለዚህ እሳቱ ከሺህ ሁለት እጅ በሚፈጅበት ጊዜ ውስጥ ክራንክ ሻፍቱ የሚሄደው 9 ዲግሪ ነው። ፍጥነቱ ወደ 3,000 ዙር ከፍ ሲል፣ አንዱ ዙር ከሺህ 20 እጅ ብቻ ስለሚሆን፣ በዚያችው ጊዜ ክራንክ ሻፍቱ 36 ዲግሪ ይሄዳል፤ በዚህ ፍጥነት ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር በየሰከንዱ 100 ብልጭታ ይሻል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1927 በተሠራው በፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ይህን ልክ የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው ሾፌሩ ራሱ ነበር፤ በመሪው ግራ በኩል ለዚሁ ተግባር የተበጀ እጀታ ነበረ። ሞተሩን በእጅ አዙሮ ለማስነሣት የወረደ ሰው ይህን እጀታ ወደ ኋላ መመለሱን ከዘነጋ፣ ፒስተኑ ሳይደርስ የበራው እሳት ሞተሩን ወደ ኋላ እየመታ ክንዱን ይሰብርበት ነበር።

በኋላ ዘመን ይህ ሥራ ከሾፌሩ እጅ ወጥቶ ለዲስትሪቢዩተሩ ተሰጠ። በዲስትሪቢዩተሩ ሆድ ውስጥ በሁለት ሞላ የታሰሩ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች አሉ፤ ዙሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ እየተዘረጉ እሳቱን ያስቀድማሉ። በጎኑ ደግሞ በቀጭን ጎማ ቱቦ ከካርቡሬተሩ ጋር የተያያዘ ክብ ጣሳ መሳይ አካል ተሰክቷል፤ እርሱም ሾፌሩ ነዳጅ መስጫውን በስሱ ሲረግጥ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ድብልቅ የሳሳና ቀስ ብሎ የሚነድ በመሆኑ፣ በሞተሩ መሳብ ኃይል ተጎትቶ ተጨማሪ ቅድሚያ ይሰጣል። እንግዲህ መካኒኩ በእጁ የሚያስተካክለው መነሻውን ብቻ ሲሆን፣ የቀረውን ክብደቶቹና ጣሳው ያደርሱታል። ከመኪና መለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ለሌላ ሞዴል የተሠራ ዲስትሪቢዩተር አግኝቶ፣ ቀዳዳው ልክ መጥቷልና ይሠራል ብሎ የሚገጥም ሰው፣ መነሻውን ቢያስተካክል እንኳ የሞላዎቹ ጠባይ ሌላ ስለ ሆነ በጉዞ ላይ ልኩን አያገኝም።

ከአሮጌዎቹ ሃይሉክሶች መካከል ብዙ ወዳጅ ያፈራው 22 አር የተባለው ባለ 2,366 ሲሲ ሞተር ነው። እሳቱ የሚዳረሰው በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ቅደም ተከተል ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር ከፊት፣ በራዲያተሩ በኩል ያለው ነው። የመነሻው ዲግሪ ግን እንደ ሞዴሉና እንደ ዓመቱ ይለያያል፤ ለአንዱ 8፣ ለሌላው 5፣ ለሌላው ዜሮ ተብሎ ተወስኗልና፣ ትክክለኛው ቁጥር መታየት ያለበት በኮፈኑ ሥር ከተለጠፈው ወረቀት ወይም ከመኪናው መጽሐፍ እንጂ ከጎረቤት መካኒክ አፍ አይደለም።

በዚህ ሞተር ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ዲስትሪቢዩተሩ የሚዞረው በቴስታታው ላይ ባለው ካም ሻፍት ነው፤ ካም ሻፍቱም የሚዞረው ከክራንክ ሻፍቱ በሚመጣ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ በእርጅና ሲረዝም፣ ቫልቮቹም እሳቱም አብረው ይዘገያሉ። ያን ጊዜ ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ አዙሮ ቁጥሩን ማስመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን የተፈወሰው ከሁለቱ ደዌዎች አንዱ ብቻ ነው። ጠዋት ሲነሣ ከፊት በኩል ሰንሰለት ሲንኳኳ የሚሰማበት 22 አር አስቀድሞ ሰንሰለቱና መንሸራተቻው ይታዩለት፤ የላላው ሰንሰለት ሽፋኑን እየፋቀ እስከ ውሃው መንገድ ድረስ በስቶ፣ ውሃን ከዘይት የሚያደባልቅበት ጊዜ አለና።

ወደ ሥራው እንምጣ። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ይነሣል፤ ሚኒሞውም በልኩ ይደረጋል፤ ፍጥነቱ ከፍ ካለ ክብደቶቹ መዘርጋት ስለሚጀምሩ የሚነበበው ቁጥር ሐሰት ይሆናል። በቆዩት 12 አር እና 18 አር ሞተሮች ላይ፣ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንታክት ፖይንት ክፍተቱ 0.45 ሚሊሜትር መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጣል፤ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያልና፣ ይህን ሳያዩ ታይሚንግ ማስተካከል ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ ከታች በክራንክ ሻፍቱ ፑሌጃ ላይ ያለችው ቀጭን ጭረት በጨርቅ ተጠርጋ ነጭ ቀለም ወይም ጠመኔ ትቀባለች፤ ከዘይትና ከአቧራ በታች ተቀብራ የኖረች ጭረት ያለዚህ አትታይም። ከካርቡሬተሩ ወደ ጣሳው የሚመጣው የቫኪዩም ቱቦ ከዲስትሪቢዩተሩ ተነቅሎ አፉ ይደፈናል።

ከዚያ በኋላ ታይሚንግ ላይት የሚባለው ሽጉጥ መሳይ መብራት ሁለት ገመዱ ከባትሪው፣ ሦስተኛው መቆንጠጫ በአንደኛው ካንዴላ ገመድ ላይ ይታሰራል። አንደኛው ካንዴላ በበራ ቁጥር መብራቱም ብልጭ ስለሚል፣ በፍጥነት የሚዞረው ፑሌጃ በብርሃኑ ሥር የቆመ ይመስላል፤ ነጯ ጭረትም ከሽፋኑ ላይ ከተቀረጹት ቁጥሮች አጠገብ ረግታ ትታያለች። ይህ ለዓይን እጅግ የሚያስደስት ትርኢት ነው፤ ነገር ግን የቆመ የመሰለው ነገር ሁሉ በእርግጥ እየዞረ ስለ ሆነ፣ እጀ ሰፊ ልብስ የለበሰ ሰው ከቺንጊያውና ከማራገቢያው ይራቅ። የዲስትሪቢዩተሩ ማሠሪያ ብሎን ጥቂት ላልቶ፣ አካሉ በውስጡ ያለው ሮተር ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር እሳቱ ይቀድማል፤ ወደ ሮተሩ አቅጣጫ ሲዞር ይዘገያል። ጭረቷ ከታዘዘው ቁጥር ላይ ስትደርስ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ከጠበቀ በኋላም መብራቱ ዳግመኛ ይበራል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ አካሉን ይዞት መዞሩ የተለመደ ነውና። በመጨረሻ ቱቦው ወደ ስፍራው ይመለሳል።

መብራት ሳይዙ በጆሮ ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ ከእነርሱም መካከል የተመሰገኑ ባለሙያዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን በሚኒሞ ላይ ጆሮ ያታልላል፤ ባዶውን የቆመ ሞተር እሳቱ ከልኩ በላይ ቢቀድምለት ይፈጥናል፣ ድምፁም ያምራል። ያው ሞተር ጭነት ይዞ ዳገት ሲጀምር፣ ገና በመውጣት ላይ ያለው ፒስተን በቀደመው እሳት ይመታና የብረት ጠጠር የተናወጠ ያህል ማንኳኳት ይጀምራል፤ ይህን ችላ ብሎ የነዳ ሰው ፒስተኑን እስከ ማስበሳት ይደርሳል። የዘገየ እሳት በበኩሉ ድምፁን አጥፍቶ ይጎዳል፤ ኃይል ይቀንሳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ግማሹ ሙቀት በማርሚታው በኩል ስለሚወጣና ሞተሩም ስለሚሞቅ፣ ባለቤቱ ራዲያተር ሲያስጠርግ ይከርማል።

የአገራችን ከፍታ ደግሞ የራሱ ትእዛዝ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ የሳሳው አየር ሲታመቅ ግፊቱ አነስተኛ፣ እሳቱም ዘገምተኛ ይሆናል። ስለዚህ ከመጽሐፉ ቁጥር በላይ ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም በደጋው ላይ ይጠቅማል፤ ፋብሪካው ራሱ ለአሜሪካ በሠራቸው አንዳንድ መኪናዎች ላይ ከፍታን ለይቶ እሳቱን የሚያስቀድም መሣሪያ ገጥሞ ነበር። ይሁን እንጂ ለአዲስ አበባ የተቀደመው ፒክአፕ ወደ አዋሽ ቆላ ሲወርድ፣ ወይም ጭኖ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ሲወጣ፣ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ጽኑ ስለ ሆነ ማንኳኳቱ ይጀምራል። በሁለቱም አገር የሚመላለስ ሰው ቁጥሩን በመጽሐፉ ላይ ቢተው ይሻለዋል፤ በደጋው ላይ የሚያጣት ጥቂት ጉልበት ከፒስተን ዋጋ አትወዳደርም።

መኪናውን ከጋራዥ የሚረከብ ሰው አስቀድሞ እሳቱ ስንት ዲግሪ ላይ እንደ ተደረገ ይጠይቅ፤ ቁጥሩንም በኮፈኑ ውስጥ በቀለም ያስጽፍ፤ ከዚያም ጥቂት ጭኖ በሦስተኛ ማርሽ አንድ ዳገት ያስወጣው። ካንኳኳ ሁለት ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለስለት፤ ቁጥሩ ካልተነገረው ግን መኪናውን አይረከብ።