ቁፋሮው ቢቆምም ያልቆመው ብክለት

አንድ የማዕድን ማውጫ ሥራውን ሲያቆም ሠራተኞቹ ይሰናበታሉ፣ መሣሪያዎቹ ይነቀላሉ፣ የሂሳብ መዝገቡም ይዘጋል፡፡ በተራራው ውስጥ የተጀመረው ኬሚካላዊ ሂደት ግን አብሮ አይዘጋም፡፡ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከሬዲንግ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአይረን ማውንቴን ማዕድን ማውጫ ለዚህ ጉልህ ማሳያ ነው፡፡ ማውጫው እ.ኤ.አ በ1963 ማምረት ያቆመ ቢሆንም ከውስጡ የሚወጣውን አሲዳማ ውሃ የማጣራቱ ሥራ ዛሬም ሌት ተቀን እንደቀጠለ ነው፡፡

በአካባቢው እ.ኤ.አ ከ1860ዎቹ አንስቶ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ብረት፣ ብር፣ ወርቅ፣ መዳብ፣ ዚንክ እና ፓይራይት ሲመረት ቆይቷል፡፡ ፓይራይት የብረትና የሰልፈር ውሁድ የሆነ ማዕድን ሲሆን፣ ሰልፈሪክ አሲድ ለማምረት በጥሬ ዕቃነት ያገለግል ነበር፡፡ ማዕድኑን ለማውጣት የተራራው ሆድ በዋሻዎች ተቦርቡሯል፤ አናቱም በክፍት ቁፋሮ ተገምሷል፡፡ በዚህም ምክንያት ቀድሞ ከአየርና ከውሃ ተሸሽጎ የኖረው ዐለት ለሁለቱም ተጋለጠ፡፡

የችግሩ ምንጭም ይኸው ነው፡፡ ፓይራይት ኦክስጅንና ውሃ ሲያገኘው ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል፡፡ በአሲድ ውስጥ መኖር የሚችሉ ረቂቅ ሕዋሳት ደግሞ ከብረቱ ኃይል እያገኙ ሂደቱን በብዙ እጥፍ ያፋጥኑታል፡፡ የተፈጠረው አሲድ በበኩሉ በዐለቱ ውስጥ የሚገኙትን መዳብ፣ ዚንክና ካድሚየም እያሟሟ ይዟቸው ይወርዳል፡፡ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይህ ድብልቅ ከዋሻዎቹ አፍና ከተከመረው ተረፈ ምርት እየፈሰሰ ወደ ጅረቶች ይገባል፡፡

የአሲዱን ብርታት ለመረዳት የሚለካበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል፡፡ የአንድ ፈሳሽ አሲዳማነት ፒኤች በተሰኘ መለኪያ ይገለጻል፡፡ በዚህ መለኪያ ንጹሕ ውሃ 7 ሲሆን፣ ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲዳማነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል፡፡ የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ሪችመንድ በተባለው የአይረን ማውንቴን ዋሻ ውስጥ ከዜሮ በታች 3.6 የደረሰ ፒኤች መዝግበዋል፡፡ ይህም ከመኪና ባትሪ አሲድ እጅግ የበረታ ከመሆኑም በላይ፣ በዓለም ላይ በማዕድን ማውጫ ውሃ ከተለኩት ሁሉ የከፋ አሲዳማነት ተብሎ የሚጠቀስ ነው፡፡

ከማውጫው የሚወጣው ውሃ በስፕሪንግ ክሪክና በስሊክሮክ ጅረቶች አማካይነት ኪስዊክ ወደተባለው የውሃ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያም ወደ ሳክራሜንቶ ወንዝ ይደርሳል፡፡ ማጣራት ከመጀመሩ በፊት በአማካይ በቀን ከአንድ ቶን የሚበልጥ መርዛማ ብረታ ብረት ወደ ወንዙ ይገባ ነበር፡፡ በወንዙ በተደጋጋሚ የጅምላ የዓሣ እልቂት ደርሷል፡፡ በክረምት ወራት ከባህር ወደ ወንዙ የሚመለሰውና እ.ኤ.አ በ1994 የመጥፋት አደጋ ከተደቀነባቸው ዝርያዎች መዝገብ የገባው የሳልሞን ዓሣ መራቢያም በዚሁ ወንዝ ነው፡፡ የሬዲንግ ከተማ ነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ የሚቀዳውም ከሳክራሜንቶ በመሆኑ ጉዳዩ ከዓሣ አልፎ የሕዝብ ጤና ጥያቄ ነበር፡፡

መንግሥት መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ ብክለቱን በውሃ ብዛት የማቅጠን ነበር፡፡ ማውጫው ሥራ ባቆመበት በ1963 በስፕሪንግ ክሪክ ላይ ግድብ ተሠርቶ አሲዳማው ውሃ ተጠራቅሞ በመጠን እንዲለቀቅ፣ ከላይ ካለው የሻስታ ግድብ በሚወርደው ንጹሕ ውሃም እንዲቀጥን ተደረገ፡፡ ይሁንና ብርቱ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ ግድቡ ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ለማቅጠኛ የሚለቀቀው ውሃም ለሌላ ልማት ሊውል የሚችል ሀብት ነበር፡፡ ከሁሉ በላይ ግን ማቅጠን የብረታ ብረቱን መጠን አይቀንሰውም፡፡

እ.ኤ.አ በ1983 ሥፍራው ሱፐርፈንድ በመባል በሚታወቀው ሕግ መሠረት በአገሪቱ ቅድሚያ ጽዳት ከሚያስፈልጋቸው ሥፍራዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ፡፡ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ በ1986 ያሳለፈው የመጀመሪያው ውሳኔ የተሰነጣጠቀውን የተራራ ክፍል በከፊል መሸፈንና ንጹሕ ጅረቶችን ከተበከለው መሬት አርቆ ማፍሰስን ያካተተ ነበር፡፡ ዓላማውም ግልጽ ነው፤ ከአሲዱ ጋር የማይገናኝ ውሃ ማጣራት አያስፈልገውም፡፡

በዚህ ሂደት ከቀረቡት አማራጮች አንዱ የዋሻዎቹን አፍ ዘግቶ ተራራው በውሃ እንዲሞላ ማድረግ ነበር፡፡ ሐሳቡ ቀላልና ወጪ ቆጣቢ ይመስላል፡፡ ሆኖም የጂኦሎጂ ጥናት ተቋሙ ተመራማሪዎች በዋሻዎቹ ግድግዳ ላይ በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ፣ አሲድና ብረታ ብረት ያዘለ ጨው ተከማችቶ አገኙ፡፡ ዋሻው ቢዘጋ ኖሮ ይህ ጨው ሟሙቶ 600 ሺህ ሜትር ኩብ የሚደርስ፣ ፒኤቹ 1 ወይም ከዚያ በታች የሆነ የአሲድ ኩሬ በተራራው ውስጥ ሊፈጠር እንደሚችል አሰሉ፡፡ ኩሬው በዐለቱ ስንጥቆች ሾልኮ ባልታሰበ ቦታ ቢወጣ ሰብስቦ ማጣራት አዳጋች በሆነ ነበር፡፡ ጥናት ያልቀደመው መፍትሔ ከችግሩ ሊብስ እንደሚችል ይህ አብነት ያሳያል፡፡

በመሆኑም የተመረጠው መንገድ አሲዳማውን ውሃ ከመውጫው ላይ ሰብስቦ በኖራ ማከም ሆነ፡፡ እ.ኤ.አ በ1994 ሥራ በጀመረው ቋሚ የማጣሪያ ጣቢያ ውሃው ከኖራ ጋር ይደባለቃል፡፡ ኖራው አሲዱን ሲያረክሰው ተሟሙተው የነበሩት መዳብ፣ ዚንክና ካድሚየም ወደ ጠጣርነት ተለውጠው ይዘቅጣሉ፡፡ የጠራው ውሃ ወደ ጅረቱ ሲለቀቅ፣ ዝቃጩ በተራራው አናት ላይ በሚገኘው የቀድሞው ክፍት የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ይከማቻል፡፡

እ.ኤ.አ በ2004 በስሊክሮክ ጅረት ላይ የተገነባው ግድብ ደግሞ ከተረፈ ምርት ክምሮች የሚመጣውን የተበከለ ውሃ ይዞ ወደ ጣቢያው እንዲላክ አስችሏል፡፡ በኪስዊክ ማጠራቀሚያ ሥር ለዓመታት የተከማቸው መርዛማ ደለልም እ.ኤ.አ በ2009 እና በ2010 ተጠርጎ ወጥቷል፡፡ በእነዚህ ሥራዎች ድምር ውጤት ከማውጫው ወደ ወንዙ ይገባ የነበረው የመዳብ፣ የዚንክና የካድሚየም መጠን ከ95 በመቶ በላይ ቀንሷል፡፡

ቀሪው ጥያቄ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ነው፡፡ የሱፐርፈንድ ሕግ የበከለ አካል ወጪውን እንዲከፍል የሚያስገድድ ከመሆኑም በላይ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ለደረሰ ብክለትም ይሠራል፤ ኃላፊነቱ የቀድሞውን ድርጅት ግዴታ ለወረሰ ኩባንያም ይተላለፋል፡፡ በዚሁ መሠረት እ.ኤ.አ በ2000 የፌዴራልና የካሊፎርኒያ መንግሥታት የቀድሞ የማውጫው ባለቤቶች ተተኪ ከሆነው አቬንቲስ ክሮፕሳይንስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰዋል፡፡ ስምምነቱ ለ30 ዓመታት የጣቢያውን የሥራ ማስኬጃ በኢንሹራንስ ዋስትና የሚሸፍን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2030 ለቀጣዩ ዘመን የሚውል ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈልም ይደነግጋል፡፡ አጠቃላይ ዋጋው ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ እንደሚሆን በወቅቱ ተገልጾ ነበር፡፡

ይህ ገንዘብ ከፍተኛ ቢሆንም ከችግሩ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር አጭር ጊዜን የሚሸፍን ነው፡፡ በተራራው ውስጥ የቀረው ፓይራይት አሁን ባለው ፍጥነት ተሟጦ እስኪያልቅ 3 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሚወስድ ተመራማሪዎች ገምተዋል፡፡ ጣቢያው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ኖራ፣ ኃይል፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማያቋርጥ ጥበቃ ይሻል፡፡ እ.ኤ.አ በ2018 በአካባቢው የተነሣው የካር ሰደድ እሳት ወደ ሥፍራው ደርሶ አሲዳማውን ውሃ የሚያጓጉዙትን የፕላስቲክ ቧንቧዎች አደጋ ላይ መጣሉ፣ የተሠራ ነገር ሁሉ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው አስገንዝቧል፡፡

የአይረን ማውንቴን ተሞክሮ ማዕድንን ለሚያስተዳድሩ አካላት የሚያስተላልፈው መልእክት ከዚህ የሚመነጭ ነው፡፡ ሰልፈር ባዘለ ዐለት ውስጥ የሚገኝ ማዕድን ከመቆፈሩ በፊት የዐለቱ አሲድ የመፍጠር አቅም ሊመረመር ይገባል፤ ተረፈ ምርቱ ከአየርና ከውሃ የሚለይበት መንገድም በዕቅዱ ሊካተት ያስፈልጋል፡፡ ለመዝጊያና ለድኅረ መዝጊያ የሚውለው ገንዘብ መያዝ ያለበትም ማውጫው ትርፍ በሚያስገኝበት ጊዜ ነው፡፡ ምርት ከቆመ በኋላ ገቢ የለም፤ አሲዱ ግን ይፈስሳል፡፡ ዋስትና ካልተያዘለት፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ከማዕድኑ ያልተጠቀመው መጪው ትውልድ ይሆናል፡፡