ጉልበተኛው የማያሸንፍበት ገበያ

የጌም መጫወቻ ዋጋው ከዓመት ዓመት ሲወርድ ነበር የሚታወቀው። ሶኒ በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በ299 ዶላር ያወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ሁለት ዓመት ሳይሞላው 199 ገባ፤ በ2009 ደግሞ በ99 ዶላር ይሸጥ ነበር። ኪሱ የሳሳ ጌመር መታገሥ ብቻ ይበቃው ነበር። ዛሬ መታገሥ ያስቀጣል። በ2020 መጨረሻ በ499 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በኦገስት 2025 አሜሪካ ውስጥ 550 ዶላር ሆነ። የማይክሮሶፍቱ ርካሽ ኮንሶል ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ከ300 ተነሥቶ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተጨምሮበት 400 ደረሰ። ኒንቴንዶም በ2017 በ300 ዶላር የለቀቀውን ስዊች፣ ተተኪው ወጥቶ እያለ፣ በስምንተኛ ዓመቱ 340 አደረገው።

ቀድሞ አንድ ኮንሶል በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቺፑ በአነስተኛ መጠን እንደገና ይሠራና የማምረቻ ወጪው ይቀንስ ነበር። አሁን የረቀቁት የቺፕ ፋብሪካዎች ራሳቸው እጅግ ውድ ስለሆኑ ያ ቅናሽ ነጥፏል። አሜሪካ በ2025 ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የጣለችው ቀረጥ ተጨመረበት። በዓመቱ ማብቂያ ላይ ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገነቡት ግዙፍ የዳታ ማዕከሎች የሚሞሪ ቺፑን ከገበያ እየጠራረጉ ዋጋውን ሰቀሉት።

እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛውን ልግዛ የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። የጌመሮች ክርክር ብዙውን ጊዜ በቁጥር ላይ ነው፤ የቺፑ ፍጥነት፣ የስክሪኑ ጥራት፣ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት። በእጅ የሚያዙ መጫወቻዎች ታሪክ ግን ለዚህ ክርክር ብዙ የሚያደላ አይደለም። በዚያ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ በተደጋጋሚ ያሸነፈው ደካማው ዕቃ ነው።

ነገሩን የጀመረው ጉንፔ ዮኮይ ነው። ዮኮይ በ1965 ኒንቴንዶ የተቀጠረው የመጫወቻ ካርታ የሚያትሙትን ማሽኖች እንዲጠግን ነበር፤ ያኔ ኩባንያው የካርታ አምራች ነበርና። በኋላ ወደ አሻንጉሊት ፈጠራ የተዛወረው ይህ ሰው አንድ የጸና እምነት ነበረው፤ አዲስ ሐሳብ በአዲስ ቴክኖሎጂ ብቻ አይሠራም፣ የታወቀና የረከሰ ዕቃ ይበቃዋል የሚል። በ1989 እሱና ባልደረቦቹ ያወጡት ጌም ቦይ የዚያ እምነት ፍሬ ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ቀመስ ሆኖ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ ያሳያል፤ ከውስጥ የሚያበራው መብራት ስለሌለው ማታ ላይ አምፖል ሥር ካልተጠጉ አይታይም። ዋጋው ግን አሜሪካ ውስጥ 90 ዶላር ነበር፤ በአራት ትንንሽ ባትሪዎችም ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል። በዚያው ዓመት የወጣው አታሪ ሊንክስ የቀለም ስክሪን ይዞ ዋጋው የጌም ቦይ እጥፍ ነበር። ሴጋም ተከትሎ ባለቀለሙን ጌም ጊር አመጣ፤ ስድስት ባትሪ በሦስትና በአምስት ሰዓት መካከል ይጨርሳል። ልጁ ተጫውቶ ሳይጠግብ አባት ባትሪ ገዝቶ የሚጨርሰው ገንዘብ ቤተሰብ ያጣላል።

ውጤቱ ይታወቃል። ጌም ጊር 10 ሚሊዮን ገደማ ሲሸጥ፣ ጌም ቦይ ባለቀለሙን ታናሹን ጨምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። አሜሪካ ውስጥ ከሣጥኑ ጋር አብሮ ይሰጥ የነበረው ጌም ቴትሪስ መሆኑም ትልቅ ድርሻ አለው። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው ይህ ጨዋታ ቀለም አይፈልግም፣ ታሪክ አይፈልግም፤ አያትም የልጅ ልጅም ይጫወቱታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ፍልሚያዎች መልካቸው ይለያይ እንጂ ፍጻሜያቸው ተመሳሳይ ነው። በ2004 የወጣው የሶኒ ፒ ኤስ ፒ በኃይሉም በውበቱም ከኒንቴንዶ ዲ ኤስ ይበልጥ ነበር፤ ዲ ኤስ 154 ሚሊዮን ሲሸጥ እሱ 80 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቆመ። ተከታዩ ቪታ የባሰ ወደቀ፤ ከሶኒ ብቻ የሚገዛው ሚሞሪ ካርዱ ውድ ነበርና ብዙ ሰው ዋናውን ዕቃ ወዶ በካርዱ ተማረረ። ስዊች እንኳ በ2017 ሲወጣ አንጎሉ ኤንቪዲያ በ2015 በሌላ ዕቃ ውስጥ የሸጠው ቺፕ ነበር፤ ከአራት ዓመት ታላቁ ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር በኃይል አይወዳደርም። ይኸው ዕቃ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ስቲም ዴክም ያው ነው። የኮምፒውተር ጌሞችን በእጅ ይዞ ለመጫወት ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2022 ከ399 ዶላር ጀምሮ ያወጣው ይህ መሣሪያ ወዲያው የሚበልጡት ተነሡበት። በ2023 የአሱስ አላይና የሌኖቮ ሌጅን ጎ ፈጣን ቺፕና የጠራ ስክሪን ይዘው መጡ። የሚሠሩት ግን በዊንዶውስ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ለኪቦርድና ለማውስ የተሠራ ነው። በጠባብ ስክሪን ላይ ትንሽ ምልክት በጣት ለመንካት የሚታገል ሰው የቺፑ ፍጥነት አያጽናናውም። ስቲም ዴክ የሚነሣው በሊኑክስ ላይ በተሠራ በራሱ ሥርዓት ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ጌሙን ባለበት ያስተኛል፣ ሲጫን ያነቃል። ሥራ የሚውልና ታክሲ ሲጠብቅ ለአሥር ደቂቃ የሚጫወት ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። ማይክሮሶፍት ጉድለቱን ተረድቶ በኦክቶበር 2025 ከአሱስ ጋር ባወጣው ኤክስቦክስ አላይ ላይ የዴስክቶፑን ጣጣ የሚዘልል ገጽ ጨመረ። ሲወጡ አነስተኛው 600 ዶላር፣ ትልቁ 1000 ዶላር ነበር። በአንድ ሺሕ ዶላር ደህና ላፕቶፕ ይገዛል።

እዚህ ላይ ስዊች 2 ይመጣል። በጁን 5 ቀን 2025 በ450 ዶላር ወጥቶ በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ በኒንቴንዶ ታሪክ እንዲህ የፈጠነ የለም። ዕቃው ጥሩ ነው። ስክሪኑ ወደ ስምንት ኢንች ተጠግቷል፣ የድሮዎቹን ጌሞች አብዛኛዎቹን ይቀበላል፣ በመጀመሪያው ላይ ይንገዳገዱ የነበሩት እዚህ ይፈስሳሉ። ያም ሆኖ ዮኮይ ቢያየው ቅር የሚለው ይመስላል። ኒንቴንዶ ራሱ እንደሚለው ባትሪው ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይቆያል፤ በ2019 የተሻሻለው የድሮው ስዊች ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሄድ ነበር። አብሮት የወጣው ማሪዮ ካርት ወርልድ ለብቻው 80 ዶላር ነው። ደካማና ርካሽ የነበረው ዕቃ ኃይለኛና ውድ ልሁን ብሏል።

የጌም ካርዱ ነገርም ብዙ ጌመሮችን አስቆጥቷል። ለስዊች 2 ከሚወጡት ጌሞች ብዙዎቹ በካርዱ ላይ የሉም፤ ካርዱ መክፈቻ ብቻ ነው፣ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ካርዱን መልሶ መሸጥ ይቻላል፤ ገዢው ግን ብዙ ጊጋባይት ማውረድ ይጠብቀዋል። ሣይበርፐንክ 2077 የተባለው ግዙፍ ጌም ሙሉ በሙሉ በካርድ ላይ መውጣቱ ደግሞ አይቻልም የሚለውን ሰበብ ያሳጣል።

ይህ ጉዳይ ለአዲስ አበባ ተጫዋች የቅንጦት ክርክር አይደለም። በየሰፈሩ ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የቆሙት በሲዲ ላይ ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የኳስ ጌም፣ ክፍያው በጨዋታ። ኢንተርኔት ባይኖርም ሲዲው ይሠራል፤ ከሱቅ ሱቅ ይዞራል፣ ይሸጣል፣ ይለወጣል። በሌላ በኩል የሶኒ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት ሲከፈት ከሚቀርቡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ እዚህ ያለ ተጫዋች የሌላ አገር ሰው ሆኖ ይመዘገባል። በሜይ 2024 ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ ይህን አካውንት እንዲያወጡ ባዘዘ ጊዜ፣ አገልግሎቱ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጌሙ ከሽያጭ ወረደ። የተጫዋቹ ቁጣ በርትቶ ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ቢሻርም፣ ሲዲ የሌለው ጌም የማን ንብረት እንደሆነ በደንብ ታይቷል።

ደግነቱ፣ በእነዚህ ዓመታት ጌመሮች ካወደሷቸው ጌሞች ብዙዎቹ ውድ ዕቃ አይጠይቁም። በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ሆሎው ናይት፡ ሲልክሶንግ የጥቂት አውስትራሊያውያን ሥራ ሲሆን ዋጋው 20 ዶላር ነበር፤ በወጣበት ሰዓት የገዢው ብዛት የኢንተርኔት መደብሮቹን አጨናንቆ አቆማቸው። በድሮው ስዊችም ይሠራል። ስታርዲው ቫሊ የተባለውን የእርሻ ጌም ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶ በ2016 አወጣው። የካርታ ጨዋታው ባላትሮም የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሁለቱም በስልክ ላይ ስለሚጫወቱ ኮንሶል መግዛትም አያስፈልግም። በአንጻሩ ሶኒ በኦገስት 2024 ያወጣውን ኮንኮርድ የተባለ ጌም በሁለት ሳምንት ውስጥ ከገበያ አውጥቶ ገንዘቡን ለገዢዎች መልሷል፤ ግራፊክሱ ምንም አልጎደለውም ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዋጋ አዲስ ነገር የግድ ማለት ብዙም አያዋጣም። ያገለገለ የመጀመሪያው ስዊች ወይም የመጀመሪያው ስቲም ዴክ ለዓመታት የሚበቃ ጌም አለው፤ ለኳስ ብቻ ከሆነ ፕሌይስቴሽን 4 ገና አላረጀም። ገዢው ሻጩ ፊት ሁለት ነገር ይፈትሽ። ጆይስቲኩ ሳይነካ ገጸ ባሕርዩ በራሱ የሚሄድ ከሆነ ውስጡ ያለው መነካኪያ አልቋል ማለት ነው፤ ይህ የስዊች የታወቀ በሽታ ነው፣ መለወጫውን ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ይገባል። ዕቃው ስዊች 2 ከሆነ ደግሞ በስልክ ዋይፋይ ከፍቶ ከኒንቴንዶ መደብር ጋር ማገናኘት ነው፤ ኩባንያው የተቀዳ ጌም ማጫወቻ ካርድ የገባበትን መሣሪያ ከኢንተርኔት አገልግሎቱ ስለሚያግድ፣ የታገደውን ገዝቶ ቤት መግባት አለ።