ኪቦርዱ ላይ ያለው ማሲንቆ ለምን አያለቅስም?

ጀሞም በሉት መካኒሳ፣ ሰርግ ላይ ከኪቦርድ የሚወጣ ማሲንቆ ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ድምፁ ማሲንቆ ነው፤ ሆድ ግን አያባባም። ለምን?

እውነተኛው ማሲንቆ ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ነው። ዜማውን የግራ እጅ ጣቶች ያወጣሉ፤ ድምፁን የሚያጎላው፣ የሚያሳሳው ግን ቀኝ እጅ የያዘው ደጋን ነው። አብዛኛው ኪቦርድ ደግሞ የሚያውቀው ቁልፉን መጀመሪያ በምን ያህል ኃይል እንደመታችሁት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ስሜታችሁ አይደርሰውም።

መፍትሄው አዲስ አይደለም። ያማሃ ገና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትንፋሽ የሚሰራ መቆጣጠሪያ ነበረው። ሁለት እጃችሁ ኪቦርዱ ላይ እያለ በአፋችሁ ትነፋላችሁ፤ ስትጨምሩ ድምፁ ያድጋል፣ ስትቀንሱ ይሳሳል። ትንፋሻችሁ ከ0 እስከ 127 ባለ ቁጥር ተለክቶ ወደ ሶፍትዌሩ ይሄዳል። የእጅን እንቅስቃሴ የሚያነቡም አሉ፤ እጃችሁን ስታወዛውዙ ድምፁ ይርገበገባል።

«በዶላር የሚገዛ ነገር!» ካላችሁ ልክ ናችሁ። ግን ኪሳችሁ ያለው ስልክ ማይክም የእንቅስቃሴ ሴንሰርም አለው። ስሙል የተባለው ኩባንያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ኦካሪና የሚባል አፕ፣ አይፎን ማይክ ላይ እፍ እየተባለ የሚጫወቱት ነበር።

አንድ ነገር ግን ትንፋሽም አይፈታውም። ማሲንቆው የተቀዳው በአንድ ዓይነት ጉልበት ብቻ ከሆነ፣ ብትነፉም የምትቀይሩት ቮልዩሙን ነው። ከለሆሳስ እስከ ጩኸት ደረጃ በደረጃ መቀዳት አለበት። ለዚህ ደግሞ ጎበዝ ማሲንቆ ተጫዋች ስቱዲዮ ይግባ፤ ሲገባም በደንብ ይከፈለው። ያ ወጪ ካልወጣ፣ ምንም ብንነፋ ማሲንቆው አያለቅስም።