ጎማው ገባ፣ ጭቃውስ የት ይግባ?

ይሄ ወሬ በስፖርት ገጽ ላይ ምን አመጣው የሚል አንባቢ አይጠፋምና ከራሱ ከስፖርቱ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2022 በዳካር ራሊ ለትልልቆቹ መኪኖች አዲስ ደንብ ሥራ ላይ ሲውል የጎማው ቁመት ከ32 ኢንች ወደ 37 ኢንች አደገ። ጎማው ግን ብቻውን አላደገም። የመኪናው ስፋት ከ2 ሜትር ወደ 2.30 ሜትር፣ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚጫወትበት ርቀት ደግሞ ከ280 ወደ 350 ሚሊ ሜትር አብሮ እንዲያድግ ተደረገ። ኳታራዊው ናስር አል አቲያህ በዚያው ዓመት ያሸነፈው በዚህ ደንብ በተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው።

ነቀምት ላይ የሚያድገው ግን ብዙውን ጊዜ ጎማው ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ነቀምት የወለጋ መንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ጊምቢና ደምቢዶሎ፣ አንዱ በአርጆ በኩል ወደ በደሌ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይወስዳል። አስፋልቱን ትቶ ቡናው ወዳለበት ወደ ውስጥ የሚገባ ሾፌር ክረምት ላይ የሚጠብቀው ያው ቀይ ጭቃ ነው። ፒክአፑ ሆዱ መሬት ነክቶበት በበሬ የተጎተተ ሰው በቀጣዩ ሳምንት ጎማ መሸጫ በር ላይ ቢገኝ አይፈረድበትም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ግርማ ሞገሱም አለ። ትልቅ ጎማ ያደረገ ፒክአፕ በአደባባይ ሲያልፍ ዞር ብሎ የማያይ ማን አለ?

ጎሚስታውም ያስገባዋል። ስድስቱን ዳዶ ያጠብቅና ክሪኩን አውርዶ «ገባ፣ ምንም አይነካም!» ይላል። አልዋሸም፤ ባዶ መኪና፣ ደረቅ መሬት፣ ቀጥ ያለ መሪ ላይ አይነካም። ባለቤቱ ደስ ብሎት ይወጣል። መሪውን እስከ ጥግ ያዞረ ጊዜ ግን ከታች «ክርርር» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ብዙ የቆዩ ሃይሉክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያደርጉት 205 አር 16 የሚባለው ጎማ ቁመቱ 73 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በምትኩ ሰው የሚመኘው 265/75 አር 16 ደግሞ 80 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። ልዩነቱ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ መኪናው ከመሬት ከፍ የሚልበት ግማሹ ብቻ ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል። የቀረው ግማሽ ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎው ይገባል። በስፋትም 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ቸርኬው መሀል ላይ የሚይዘው ከሆነ 3ቱ ወደ ውጪ፣ 3ቱ ወደ ሻንሲው ማለት ነው። በዚያ ላይ 265 ጎማ ቢያንስ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። በድሮው ጠባብ ቸርኬ ላይ አጥብቆ ማስገባት ጎማውን ቅርጹን ማሳጣት ነው።

የሚነካው ቦታ ታዲያ አንድ አይደለም። መሪው ሲዞር የፊት ጎማ ከኋላው ያለውን የፓራፋንጎ ጥግና የጭቃ መከላከያ ላስቲክ፣ ከፊቱ ደግሞ የፓራውልቱን ጫፍ ይፈልጋል። በውስጥ በኩል ሻንሲውን ወይም የላይኛውን የጎማ ክንድ ይነካል። ጭነት ሲኖርና ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ የፓራፋንጎው ጣሪያ አለ። ላስቲክ ላስቲክን ቢነካ ድምፁ ነው የሚያስጠላው። የላሜራ ስለት ወይም የቡሎን ጫፍ የጎማውን ጎን ሲያገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መሬት የሚረግጠው የጎማ ክፍል ሚስማር ቢወጋው ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ግን አለቀለት። እሱም አስፋልት ላይ ጭነትና ሰው ተይዞ በፍጥነት ሲኬድ ከሆነ የሚፈነዳው፣ ጉዳዩ ከጎማ ዋጋ ያልፋል።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። የውጭ አገር መመሪያዎች ስለዚህ ብዙም አይሉም፤ ለወለጋ ሾፌር ግን ዋናው ይሄ ነው። ቀይ ጭቃ ይጣበቃል። ጎማው ላይ ይጠመጠማል፣ ፓራፋንጎው ውስጥ ይጋገራል። ጋራዥ ውስጥ በጎማውና በላሜራው መካከል አንድ ጣት የምታህል ክፍተት አይቶ «በቂ ነው» ያለ ሰው፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ግማሽ ሰዓት እንደነዳ ክፍተቱ በጭቃ ተሞልቶ ያገኘዋል። ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ ሸክላ ነው፤ ውስጡ ጠጠር የያዘ ሸክላ። ስለዚህ ክፍተት የሚለካው ለጎማው ሳይሆን ለጎማውና ለጭቃው ነው። በእኔ ግምት በሁሉም አቅጣጫ ሦስት ጣት ካላስገባ ክረምትን ባያስቡት ይሻላል።

መፍትሔ ተብለው የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ አላቸው። አንዱ በቸርኬውና በሐቡ መካከል ብረት አስገብቶ ጎማውን ወደ ውጪ ማውጣት ነው። ሻንሲውን መንካቱ ይቀራል፤ ነገር ግን ጎማው ሲዞር ሰፊ ክብ ስለሚሠራ የፓራፋንጎውን ጥግ ይበልጥ ይመታል፣ ኩሽኔታውም ያለቅጥ ይሸከማል። ሌላው መሪው የሚቆምበትን ቡሎን ማስረዘም ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን መኪናው አንድ ጊዜ ዞሮ ይወጣ የነበረበት ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደኋላ ማለት ይመጣል።

ከፍ ማድረግ የሚሉትም አለ። የድሮዎቹ ሃይሉክሶች ከፊትም ባሌስትራ ያላቸው ስለሆኑ ጉዳዩ ቀላል ነው። ከዚያ የመጡት የፊት እግራቸው በሚጠመዘዝ ብረት ላይ የቆመ ነው፤ ቡሎኑን ማጥበቅ ብቻ ከፍ ያደርጋቸዋል። ቀላል ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። እጅግ ሲጠብቅ የፊት ጎማ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣና መኪናው እንደ ጋሪ ይዘላል፣ ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም ጠማማ አንግል ይዞ ላስቲኩ ይቀደዳል። ላስቲኩ ተቀደደ ማለት ጭቃው ግሪሱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የመጡት ደግሞ ሞላ ናቸው፤ ከሞላው ላይ ማስረዘሚያ ይገባል። በሁሉም ላይ አላይመንት ሳያሠሩ መንዳት አዲሱን ጎማ በአንድ ጎኑ መጨረስ ነው።

አይስላንዶች ይህን ሁሉ አልፈው ፓራፋንጎውን ይቆርጡታል። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ቶፕ ጊር ፕሮግራም ወደ ሰሜን ማግኔታዊ ዋልታ የነዳው ሃይሉክስ የተዘጋጀው አርክቲክ ትራክስ በሚባለው የአይስላንድ ድርጅት ሲሆን 38 ኢንች ጎማ ነበረው። ላሜራው ተቆርጦ በሰፊ ፓራፋንጎ ተተክቷል። ለበረዶ ነው እንግዲህ፤ ሰፊ ጎማ በረዶ ላይ ይንሳፈፋል።

የወለጋ ጭቃ ግን ብዙ ቦታ ላዩ ልስልስ፣ ታቹ ጠንካራ ነው። እዚህ ጋ የኔ አስተያየት ከብዙ ጎረምሳ ሾፌሮች ጋር አይገጥምም። ላንድክሩዘር ፒክአፕ የሚያደርገው ባለ ከመነዳሪው 7.50-16 ቁመቱ ከዚያ ከሚያምረው 265 ጋር ይተካከላል፤ ስፋቱ ግን በ5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ጭቃውን ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ይረግጣል፣ ሻንሲውንም አይፈልግም። ቁመናው እንደ ሽማግሌ ነው፤ አያምርም። ለእሱም ቢሆን ከፍታውን መለካት አይቀርም።

ጎማ ያሳደገ ሰው የሚረሳው ሌላው ነገር ፍሬን ነው። ነቀምት ያለችው 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። ወደ ጊምቢም ሆነ ወደ በደሌ ሲኬድ ዲዴሳ ወንዝ ድረስ ረጅም ቁልቁለት ይወረዳል። ትልቅ ጎማ ይከብዳል፣ ፍሬኑም ያንኑ ጎማ ለማቆም የበለጠ መታገል አለበት። ሰዓቱም ይዋሻል። ከላይ ባነሳነው ልዩነት ጎማው በአንድ ዙር ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ መንገድ ስለሚሄድ፣ በፊት 80 ላይ የነበረው ፍጥነት አሁን ሰዓቱ 73 ሲል ነው የሚደርሰው። ሾፌሩ ድሮ በለመደው ቁጥር ቁልቁለቱን ሲይዝ ሳያውቀው ፈጥኗል ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት ጎሚስታውን አንድ ጎማ ብቻ አስገባልኝ ማለት ይቻላል፤ ደንበኛ ከሆኑ እምቢ አይልም። የፊቱን ጎማ ወፍራም ድንጋይ ላይ ማውጣት፣ ኋላ የተለመደውን ጭነት መጫን፣ የጎማውን ትከሻ ጠመኔ መቀባትና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ማዞር። ጠመኔው የታተመበት ቦታ ሁሉ የሚነካበት ነው። በሌላኛውም ጎን ይደገም። መኪናው በአራቱም ጎማ የሚጎትት ከሆነ የፊቱን ብቻ አሳድጎ የኋላውን መተው አይሆንም፤ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎች እርስ በርስ ይታገላሉ።

ተለዋጭ ጎማውንም እንዳትረሱ። ከኋላ ሥር የተሠራለት ቦታ ለድሮው ልክ ነው። አዲሱ አልገባ ሲል ብዙዎች ትንሹን እዚያው ይተዉታል፤ እሱን የሚያወርዱት ደግሞ ከጊምቢ ወዲያ፣ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ ነው።