በዓርብ ገበያ የቀመስነው ድንች

የታች ጋይንቷ ዓርብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ቀኗን ይናገራል። ከነፋስ መውጫ ወደ ደቡብ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንደርስ፣ ደገኛው ድንችና ገብስ፣ ከበሽሎ በኩል የመጣው ቆለኛ ደግሞ ማሽላና ጤፍ ይዞ ሜዳውን ሞልቶት አገኘነው።

ቀኑ የጾም ቀን በመሆኑ ሥጋና ቅቤ የሚቀምስ የለም። ጾመኛው እስኪፈታ ጠብቀን በድንች ተራ አጠገብ ምግብ ከሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ተቀመጥን። የማሽላ እንጀራ በሽሮ፣ ከጎኑም ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበልን። ድንቹ ገና በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይፈረፈራል።

«እናቴ፣ ይህን የመሰለ ድንች ከየት አገኙ?» ስንል ጠየቅናቸው።

«ከራሴ ጓሮ ነው ልጄ። የቆላ ሰው እዚህ ቀምሶ ነው ጥሬውን የሚገዛኝ። ውኃ የቋጠረውንማ ጥሎብኝ ይሄዳል» አሉ።

እኛ የግብርና ሠራተኞች ስለ አዲስ ዘር ስናስተምር የምናስቀድመው የምርቱን ብዛት ነው። በገበያ ግን ዳኛው ምላስ መሆኑን ከእኚህ እናት ለመረዳት ችለናል።

ድንች ለአገራችን የቆየ ሰብል አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ተነሥቶ በአውሮፓ በኩል የዞረ ሲሆን፣ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1858 እንደሆነ ይነገራል። ገበሬው በስፋት የያዘው ግን ከክፉ ቀን ረሃብ በኋላ ነው። ዛሬም እህል ከጎተራ ሲያልቅ የደጋውን ቤተሰብ ከመስከረም የሚያደርሰው እርሱ ነው።

ወደ ማምሻው ዋጋው እየወረደ ሄደ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ቆፍሮ በአንድ ቀን አውጥቶታልና። አንድ ገበሬ የቀረውን ሁለት ቁና ገዢው በጠራው ዋጋ ሲለቅ አየን። «መልሼ ብጭነው ይበሰብስብኛል፤ ለዘር ያሰብኩትም አብሮ ሄደ» አሉን። የመትከያው ወራት ሲደርስ ዛሬ በርካሽ የሸጡትን ዘር በውድ መግዛታቸው ነው። ዘር ያስቀረውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ትልቁን ለገበያ፣ ውራጁን ለዘር ያደርጋል፤ ከታመመ ተክል የተገኘ ውራጅ ደግሞ በሽታውን ወደ ማሳ ይመልሳል።

መፍትሔው ከገበሬው አቅም በላይ አይደለም። ሰብሉ ገና በማሳ ሳለ ጤነኛውን ተክል በእንጨት ምልክት ማድረግና ዘሩን ከእርሱ መያዝ ነው። ዘሩንም ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት የእንጨት መደርደሪያ ላይ አሳስቶ ማኖር ይገባል። በጨለማ የተቀመጠ ዘር ቀጭንና ተሰባሪ ቡቃያ ሲያወጣ፣ በብርሃን ያደረው አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያበቅላል። ቆዳው አረንጓዴ ስለሚሆን ግን ለዘር እንጂ ለምግብ አይሆንም፤ ይመርራል፣ ሰውነትንም ይጎዳል።

የማኅበር መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሁለት ነገር ቢወስኑ ይበጃል። አንደኛ፣ አባላት ድንቹን በየተራ ቆፍረው እንዲያወጡ፤ ሁለተኛ፣ ለጋራ የሚሆን የዘር መደርደሪያ ከአካባቢው እንጨት እንዲሠሩ። ይህ ከሆነ የደጋው ገበሬ የሚመጣውን ዓመት ዘር በማምሻ ዋጋ ሸጦ አይገባም።