የታጠበ ሳህን ለምን ይሸታል?



በአንድ የረመዳን ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ አንዲት የደራ እናት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ያለማቋረጥ ታስላለች። የፈለጉት የሳል ሽሮፕ ነበር። «ሳሉ ከመቼ ጀመራት?» ብዬ ስጠይቃቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የኢፍጣር ሳህኖች የዓሣና የእንቁላል ሽታ አልለቅ ቢሏት ልጅቷ በረኪናና ሎሚ በአንድ ሳፋ ቀላቅላ፣ በሩ በተዘጋ ማዕድ ቤት ውስጥ ስታጥብ ቆይታለች። ሽሮፑን አልሸጥኩላቸውም፤ ንጹሕ አየር ላይ አስቀምጬ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል።

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው እንዲህ ያለው አደጋ በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ሽታው ከየት ይመጣል?

ሳህን ሲሸት ብዙዎቻችን የሳሙናውን መጠን እንጨምራለን። ሽታው ግን የሚነግረን ሌላ ነገር ነው፤ ስብ ወይም የምግብ ቅሪት አልለቀቀም፣ ጀርሞችም እየተራቡበት ነው ማለት ነው። መንስኤዎቹ በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

1. ፈላ ውሃን ማስቀደም፦ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ በሙቀት የሚረጋ ፕሮቲን አላቸው። ፈላ ውሃ ስናፈስባቸው ሳህኑ ላይ ይበልጥ ይጣበቃሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ስቡን ለማስለቀቅ ሞቅ ባለ ውሃና ሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል።

2. ስፖንጅና ጨርቅ፦ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያደረ ስፖንጅ የጀርም መራቢያ ነው። ሳህን «ታጥቦ» የሚሸተው ብዙ ጊዜ ከስፖንጁ ነው። ከእጥበት በኋላ ጨምቀው ፀሐይ ላይ ያስጡት። ከሸተተ ይጣሉት፤ ዋጋው ከተቅማጥ መድኃኒት ያንሳል።

3. የማለቅለቂያ ውሃ፦ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ቤት፣ ቁጠባ ብለን ሃምሳ ሳህን በአንድ ሳፋ ውሃ እናለቀልቃለን። ከአሥረኛው ሳህን በኋላ ግን የምናለቀልቀው በስብ ውሃ ነው። ጀሪካኑም በውስጡ የሚያዳልጥ ነገር ከያዘ ሽታው ከዚያ ይጀምራል።

የዓሣ ሽታ ግን የራሱ መድኃኒት አለው። ከቆቃና ከዝዋይ የሚመጣልን ዓሣ ሽታ የሚመነጨው በባሕርዩ የአሲድ ተቃራኒ ከሆነ ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ሎሚ ያረክሰዋል። ሳህኑን በሎሚ አሽተው፣ በደንብ አለቅልቀው በሳሙና ይጠቡ። በዚያ ዕለት ግን በረኪና አይጠጋም!

ትክክለኛው አስተጣጠብ

ለቤትም ሆነ በመስጂድ ለብዙ ሰው ለሚዘጋጅ ኢፍጣርና ሰደቃ ሦስት ሳፋ ይበቃል። ፍርፋሪውን አስቀድመው ጠርገው ይጣሉ። አንደኛው ሳፋ ለሳሙና፣ ሁለተኛው ለማለቅለቂያ፣ ሦስተኛው ለመጨረሻ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ሁለተኛው ሲደፈርስ ይደፋና ሦስተኛው ቦታውን ይይዛል፤ በዚህም ውሃ ያለ ኢስራፍ ይቆጠባል። ብርጭቆ ይቅደም፣ ከዚያ ሳህን፣ በመጨረሻ ቅባት የበዛበት ድስት። በእርጥብ ጨርቅ ከመወልወል ደፍቶ በአየር ማድረቅ ይሻላል፤ አቧራ እንዳይነካው በስስ ንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት።

የሸክላ ድስት ሳሙና ስለሚመጥ በሙቅ ውሃ ብቻ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀር ውሃ ካለዎት፣ ብርጭቆ ላይ የሚታየው ጭጋግም ከዚያው ውሃ ነው፤ ትንሽ አቼቶ ያስለቅቀዋል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ስሙ የሚነሳው ፍሎራይድ ከሽታ ጋር አይገናኝም። ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ለዓመታት ሲጠጣና ሲበሰልበት ነው፤ በማፍላትም ሆነ በበረኪና አይወጣም።

በረኪናን በልክ

በረኪና ቆሻሻ አያጥብም፤ ጀርም ይገድላል። ቅባትና ፍርፋሪ ካለ ኃይሉ በዚያ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ተራው ሳህኑ ታጥቦና ተለቅልቆ ካበቃ በኋላ ነው። 5 በመቶ ገደማ ኃይል ያለውን በረኪና 1 የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ (5 ማንኪያ በ20 ሊትር) ይበጥብጡ። ሳህኑ 2 ደቂቃ ቆይቶበት ወጥቶ ይድረቅ። የሚከተሉትን ይጠንቀቁ፦

• ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ድንገት ከተቀላቀለ በሩን ከፍተው ወዲያው ይውጡ።

• በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጠው አያስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ አፉን በውሃ አጉመጥምጠው ወደ ጤና ተቋም ይሩጡ። ለማስታወክ አይሞክሩ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን እንደገና ያቃጥለዋል።

• ብርሃን ኃይሉን ስለሚቀንሰው ጨለማ ቦታ፣ ከልጆች እጅ ርቆ ይቀመጥ።

ማሽን ላላችሁ

የሳህን ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ፣ ወይም ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ፣ ሽታ ቢያስቸግራችሁ ምክንያቱ ያው ነው። ከታች ያለው ማጣሪያ ፍርፋሪ ይይዝና ይበሰብሳል። በየሳምንቱ አውጥተው በስፖንጅና በሳሙና ይጠቡት፤ የበሩን ዙሪያ ላስቲክም ይጥረጉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ አቼቶ ውስጥ አስቀምጠው ባዶውን በሙቅ ውሃ ያሠሩት። እጥበት ሲያልቅ በሩን ጥቂት ገርበብ አድርገው ይተዉት።

የሳህን ሽታ የሚወገደው በጠንካራ ኬሚካል ሳይሆን በቅደም ተከተል ነው፤ መጥረግ፣ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ማዕድ ቤት የሚያግዙ ልጆቻችሁንም በተለይ ስለ ሎሚውና ስለ በረኪናው ዛሬውኑ ንገሯቸው።